በጨለማ ያለ ውበት ለማን ነው?

ለብዙ ዘመናት የሰው ዓይን ሳያየው በምድር ውስጥ የኖረ ውበት ለማን ውብ ነበር? ይህ ጥያቄ ለፈላስፎች ብቻ የተተወ ሊመስለን ይችላል። ነገር ግን ወጣቶቻችን ከዲላና ከወናጎ ተነሥተው የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክንና ከዚያ በስተ ምሥራቅ ያለውን የሶፍ ዑመር ዋሻ ለመጎብኘት ሲሄዱ፣ ይኸው ጥያቄ አብሯቸው ይጓዛል።

የወይብ ወንዝ የሚነሣው ደጋ አጋዘንና ቀይ ቀበሮ ከሚኖሩበት ከባሌ ከፍታ ነው። ሶፍ ዑመር ሲደርስ ወደ ምድር ሆድ ይገባል። ውሃው የኖራ ድንጋዩን ቀስ በቀስ እያሟሟ፣ በጠቅላላው ከ15 ኪሎ ሜትር በላይ የሚረዝሙ መተላለፊያዎችን፣ ሰፋፊ አዳራሾችንና እንደ ካቴድራል ቀጥ ያሉ ዓምዶችን ሠርቷል። መብራት ያልያዘ ሰው በዚያ የገዛ እጁን እንኳ አያይም። ሥራውን የሚያደንቅ ሰው ባልነበረበት ዘመንም ሥራው አልተቋረጠም።

ኦሪት ዘፍጥረት እንደሚያስተምረን፣ እግዚአብሔር ብርሃንን፣ ምድርንና ባሕርን መልካም እንደ ሆኑ የተመለከተው ሰውን ከመፍጠሩ በፊት ነው። እንግዲህ የፍጥረት መልካምነት በእኛ አድናቆት አልተጀመረም፤ ከምናገኘው ጥቅምም አይመነጭም። ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፍራንቸስኮስም በ2007 ዓ.ም. ባወጡት «ላውዳቶ ሲ» በተሰኘው መልእክታቸው፣ እያንዳንዱ ፍጥረት ለሰው ከሚሰጠው አገልግሎት ባሻገር በራሱ ዋጋ እንዳለው አስተምረዋል።

ይሁን እንጂ አንድ ገበሬ ተነሥቶ፣ «ለልጆቼ የማወርሰው መሬት ሳይኖረኝ ደኑ ለምን ዝም ብሎ ይቆማል? የቆመው ድንጋይስ ምን ይሠራልኛል?» ቢለን ምን እንመልሳለን? የጌዴኦን የሕዝብ ብዛትና የመሬት ጥበት ለሚያውቅ ሰው፣ ይህ የስስት ጥያቄ አይደለም። «ፍጥረት በራሱ መልካም ነው» ብለን ብቻ ብናሰናብተው፣ ለተራበ ሰው ቃል ብቻ ሰጥተው የሚሸኙትን ከሚወቅሰው ከሐዋርያው ያዕቆብ ተግሣጽ አናመልጥም።

የመልሱን መነሻ ከደጃችን እናገኘዋለን። በመስከረም 2016 ዓ.ም. የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክና የጌዴኦ ባህላዊ መልክዓ ምድር በአንድ ጉባኤ በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዘገቡ። የጌዴኦ ገበሬ ከትልልቅ ዛፎች ጥላ ሥር እንሰት፣ ከእንሰቱም ሥር ቡና ያለማል። ሽማግሌዎቹ የተከበሩ ደኖችንና እንደ ቱቱ ፈላ ያሉትን ጥንታዊ ትክል ድንጋዮች ጠብቀው አቆይተዋል። በዚህ አኗኗር ምድር ትመግባለች፤ ሁሉ ነገር ግን ለምግብ አይለወጥም። ልክን ማወቅ ማለት ይህ ነው።

ሆኖም የልክን ሸክም ድሃው ብቻውን ሊሸከመው አይገባም። ደኑ እንዲቆም የምንፈልግ ሁሉ የጠባቂውን ጓዳ ልንጠይቅ ይገባናል። ጎብኚም ለመሪው ተገቢውን ዋጋ ይክፈል፤ ስንቁንም ከመንደሩ ሰዎች ይግዛ። የባልንጀራ ፍቅር ከዚህ ይጀምራል።

ደግሞም በእንግድነት እንግባ። ዋሻው በስማቸው የተጠራው ሼኽ ሶፍ ዑመር በዚያ ተጠልለው ይጸልዩ እንደ ነበር በትውፊት ይነገራል፤ ሙስሊም ወንድሞቻችንና እኅቶቻችንም ዛሬ ድረስ ለጸሎት ይሄዱበታል። ሌላው ሰው የሚጸልይበትን ስፍራ ማክበር እምነታችንን አያሳንስብንም።

በድንጋይ ላይ ስሙን የሚጽፍ ጎብኚ፣ «እኔ በመምጣቴ ይህ ስፍራ ዋጋ አገኘ» እንደ ማለት ያደርገዋል። ስለዚህ ውድ የትምህርተ ክርስቶስ መምህራን፣ ወጣቶችን ወደ ዋሻ በምትወስዱበት ጊዜ ከመሪው ጋር ተስማምታችሁ ለአንድ ደቂቃ መብራቱን አጥፉ፤ በዝምታም ቁሙ። ከዚያ በኋላ ይህን ጽሑፍ የከፈትንበትን ጥያቄ ጠይቋቸው። ለመመለስ ግን አትቸኩሉ፤ መጀመሪያ እነርሱ ይናገሩ።