የዘይድ ግማሽ ወር

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም

 

ባለፈው ዓመት አንድ ማታ ከዒሻእ ሰላት በኋላ ስልኬ ላይ የወረቀት ፎቶ ገባ። የላከችልኝ የሰፈራችን ልጅ ናት። ለቤት ሠራተኝነት ሳዑዲ ከሄደች ዓመት አልፏታል። ከፎቶው ሥር በድምፅ እንዲህ ብላኛለች፦ «ኡስታዝ፣ ማዳም ይህን ፈርሚ እያለችኝ ነው። የኢቃማ ማደሻ ነው ትላለች። እስቲ እይልኝ።»

አየሁት። ኢቃማ የሚል ቃል የለበትም። የአራት ወር ደመወዜን ሙሉ በሙሉ ተቀብያለሁ፣ ከእንግዲህ የምጠይቀው ገንዘብ የለም የሚል ወረቀት ነው። እሷ ግን ከአራቱ ወር አንዲት ሪያል አልደረሳትም።

እውነቱን ልንገራችሁ። ያን ሌሊት እንቅልፍ የነሳኝ ወረቀቱ ብቻ አልነበረም። ይህች እህት ከመሄዷ በፊት ከዐስር ሰላት በኋላ መስጂድ በር ላይ ጠብቃ «ሁለት ወር ብቻ አረብኛ አስተምረኝ» ብላኝ ነበር። እኔ ደግሞ «እዚያው ስትሄጂ ትለምጂዋለሽ» ብዬ ሸኘኋት። ደረሶቼን ነህው ለማቅራት ጊዜ ነበረኝ፤ ለእሷ ግን ጊዜ አጣሁ። አላህ ይቅር ይበለኝ።

ከዚያ ማታ ጀምሮ የዘይድ ኢብኑ ሣቢት (ረዲየላሁ ዐንሁ) ታሪክ ከአእምሮዬ አልጠፋም።

ነቢያችን (ሰለላሁ ዐለይሂ ወሰለም) መዲና ሲገቡ ዘይድ የ11 ዓመት ልጅ ነበር። ያኔውኑ ከአሥር በላይ ሱራዎችን በቃሉ ይዟል። ዘመዶቹ ወደ መልእክተኛው (ሰ.ዐ.ወ) ወስደው አቀራላቸው፤ እሳቸውም ወደዱለት። ከዚያ ምን አዘዙት? የአይሁዶችን ጽሑፍ እንዲማር አዘዙት። በሌላ ዘገባ ሱርያንኛ ተብሎ ተጠቅሷል። ምክንያቱንም ነገሩት፦ ለደብዳቤያቸው ሌላ ሰው ማመን አላሳረፋቸውም። ዘይድ ግማሽ ወር ሳይሞላ ተማረው። ከዚያ በኋላ መልእክተኛው (ሰ.ዐ.ወ) ሲጽፉ የሚጽፍላቸው፣ ሲጻፍላቸውም የሚያነብላቸው እሱ ሆነ። ሐዲሱን አቡ ዳውድና ቲርሚዚ ዘግበውታል።

እስቲ ቆም ብለን እናስብ። ወሕይ የሚወርድላቸው ነቢይ (ሰ.ዐ.ወ) የኡማውን ጉዳይ በሰው ምላስ ላይ አልተዉትም። አላህ ይጠብቀኛል ብለው አልተቀመጡም። ተወኩላቸው ከሁላችንም በላይ ሆኖ ሳለ አንድን ወጣት «ሂድ፣ ተማር» አሉት። ሰበቡን ማድረስ ከተወኩል እንደማይቃረን ከዚህ እንማራለን።

አንተ ወንድሜ፣ አንቺ እህቴ፣ የማታነቡት ወረቀት ላይ ስትፈርሙ መብታችሁን ለማን እያስረከባችሁ ነው? ደላላው «ችግር የለውም» ስላለ? ከጎናችሁ የቆመው ሰው ስለሳቀ?

እዚህ ላይ አንድ ነገር ላስተካክል። የአንድን ሕዝብ ቋንቋ ያወቀ ሰው ከተንኮላቸው ይድናል የሚል አባባል ሐዲስ ተብሎ በየቦታው ይጋራል። የሐዲስ ሊቃውንት መሠረት እንደሌለው ተናግረዋል። መልእክቱ ጥሩ ስለመሰለን ብቻ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ያላሉትን አሉ አንበል። የዘይድ ሐዲስ ይበቃናል፤ አልሐምዱሊላህ።

ታዲያ ቋንቋ ከጉዳት መጠበቂያ ብቻ አይደለም። የልብ መግቢያም ነው። ይህን ደግሞ ከእኛው አገር ጋር ከተያያዘ ታሪክ እንመልከት።

ኡሙ ኻሊድ (ረዲየላሁ ዐንሃ) ወላጆቿ ወደ ሐበሻ ተሰደው ሳለ የተወለደች ሕፃን ናት። ወደ መዲና ከመጡ በኋላ ለነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ጥለት ያላት ትንሽ ጥቁር ልብስ መጣላቸው። ለማን እንስጣት ብለው ጠየቁ፤ ሰዉ ዝም አለ። ኡሙ ኻሊድን አምጡልኝ አሉ። ሕፃኗን ተሸክመው አመጧት፤ በገዛ እጃቸው አለበሷት። ከዚያ ጥለቱን እያዩ በሐበሻ ቋንቋ «ሰናህ» አሏት፤ ያምራል ማለታቸው ነው። ቡኻሪ ዘግበውታል። እኛ ዛሬም «ሠናይ» የምንለው ቃል ዘመዱ ነው።

ሱብሓነላህ! በአረብኛ ያምራል ቢሏት አትገባም ነበር? የአረብ ልጅ ናት፣ ይገባታል። ግን ያደገችበትን አገር ቃል መረጡላት። አንዲት ቃል ናት፤ እሷ ግን ታሪኩን አድጋ ለሰው እስክታወራው ድረስ አልረሳችውም። ጎረቤትህን በኦሮምኛ፣ በትግርኛ ወይም በሶማሊኛ «እንደምን አደርክ» ብለኸው ታውቃለህ? ፊቱ እንዴት እንደሚፈታ አይተሃል? አላህ በሱረቱ ሩም 22ኛው አንቀጽ ላይ የቋንቋችንን መለያየት ከሰማያትና ከምድር መፈጠር ጋር አብሮ ከታምራቶቹ ቆጥሮታል። የአላህ ታምር የሆነን ነገር መናቅ ደግሞ ከሙእሚን አይጠበቅም። የሰውን አነጋገር እየቀዱ መሳለቅ፣ በእናት ቋንቋ ማፈር፣ ሁለት የእንግሊዝኛ ቃል ጣል እያደረጉ በወንድም ላይ መኩራት፣ ይህ ሁሉ የኒያ በሽታ ነው።

ቋንቋ አማና እንደሆነም አንርሳ። በአሜሪካና በአውሮፓ የምትኖሩ ልጆች ብዙዎቻችሁ ለእናታችሁ ሐኪም ቤት ታስተረጉማላችሁ። ሐኪሙ ለአምስት ደቂቃ የተናገረውን «ደህና ነሽ አለ» ብላችሁ አታሳጥሩባት። ያልገባችሁን «አልገባኝም፣ ድገምልኝ» በሉ። ዘይድ አደራውን በትንሹ ስለጠበቀ ትልቁ መጣለት። ከየማማ ጦርነት በኋላ፣ ብዙ ሐፊዞች ሲሰዉ፣ አቡበክር (ረዲየላሁ ዐንሁ) ቁርኣንን እንዲሰበስብ የመረጡት እሱን ነው። ወጣት፣ አስተዋይና የማይጠረጠር መሆኑን ነበር የጠቀሱለት። እሱ ግን ተራራ አንሳ ቢሉኝ ይቀለኝ ነበር ብሏል። ደብዳቤ በማንበብ የጀመረው ወጣት የአላህን ቃል ለመሰብሰብ በቃ።

ከሁሉም በላይ ደግሞ የሚያሳስበኝ ሌላ ነገር አለ። በአምስቱ የግዴታ ሰላት ፋቲሓን በቀን 17 ጊዜ እንቀራለን። ቃላቷ ሠላሳ እንኳ አይሞሉም። ለሥራ ፈተና ስንት መቶ የእንግሊዝኛ ቃል የሸመደደ ወጣት ከጌታው ጋር የሚነጋገርበትን ሠላሳ ቃል ሳያውቅ ሃያ ዓመት ይሰግዳል። ይህን የምለው ለመውቀስ አይደለም፤ ብዙዎቻችን ድምፁን እንጂ ትርጉሙን አልተማርንም። አሁን ግን ምክንያት የለንም፤ ቁርኣን ወደ አማርኛ ተተርጉሟል፣ ስልካችንም ላይ አለ።

ስለዚህ ለዚህ ሳምንት ሦስት ነገር ላሳስብ።

አንደኛ፦ የፋቲሓን ቃላት በቀን አራት አራት እየያዛችሁ ትርጉማቸውን አጥኑ። የሚቀጥለው ጁሙዓ ሳይደርስ ታልቃለች፤ ኢንሻአላህ። ሰላታችሁ ውስጥ ለውጡን ታዩታላችሁ።

ሁለተኛ፦ ለኑሯችሁ የሚያስፈልጋችሁን አንድ ቋንቋ ምረጡና ኒያችሁን አስተካክላችሁ ጀምሩ። እኛ እንደ ዘይድ በግማሽ ወር አንጨርስም። በየቀኑ ከፈጅር በኋላ ሃያ ደቂቃ ግን ማንም አያጣም። አላህ ዘንድ ተወዳጁ ሥራ ቢያንስም የሚዘወተረው ነው።

ሦስተኛ፦ የምታውቁትን አስተምሩ። ወደ ዐረብ አገር ልትሄድ ሻንጣ የምታዘጋጅ እህት በሰፈራችሁ ካለች፣ ቁጥር፣ የሰውነት ክፍል፣ «አሞኛል»፣ «ደመወዜን ስጡኝ»፣ «ሳላነብ አልፈርምም» ማለትን አስተምሯት። በመድረሳ የተማርነው አረብኛና እዚያ ቤት ውስጥ የሚነገረው አንድ አይደለም፤ እኔ ራሴ ማዳሟ ስትናገር ግማሹ አልገባኝም። ስለዚህ እዚያ ኖራ የመጣች እህት ብታስተምራት የተሻለ ነው። እኔ የሠራሁትን ስህተት ግን አትድገሙ። «ትለምጂዋለሽ» ብላችሁ አትሸኟት።

የዚያች እህት ነገር ምን ሆነ ትሉኝ ይሆናል። ያን ማታ ሦስት ዓረፍተ ነገር በድምፅ ቀርጬ ላኩላት። ሌሊቱን ስትለማመድ አድራ ጠዋት ለማዳሟ አለቻት። ወረቀቱን አልፈረመችም። ከሁለት ሳምንት በኋላ የሁለት ወሩን ከፈሏት። የቀረውን እስካሁን እየጠየቀች ነው፤ አሁን ግን በራሷ አፍ ነው የምትጠይቀው። በዱዓችሁ አትርሷት።

አላህ ሆይ! የሚጠቅመንን አሳውቀን፣ ባሳወቅከንም ጥቀመን። ምላሳችንን ለሐቅ አድርግልን። በስደት ያሉ እህቶቻችንንና ወንድሞቻችንን ጠብቅልን፣ ሐቃቸውን መልስላቸው። አሚን።

ዛሬ ጁሙዓ ነው፤ ሱረቱል ካህፍን እንቅራ፣ በነቢያችን ላይ ሰለዋት እናብዛ። አላሁመ ሰሊ ወሰሊም ዐላ ነቢዪና ሙሐመድ።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱሁ።