የልጅ አሳብ የማን ነው?

የሰውን ገላ የሚለካ መሣሪያ በእጅ አንጓ ማሰር ወይም በክንድ ላይ መለጠፍ ዛሬ በብዙ አገር ተለምዷል። ይህም በራሱ ክፉ ነገር አይደለም። የስኳር ሕመም ያለበት ልጅ በክንዱ ላይ ትንሽ መለኪያ የተለጠፈለት እንደ ሆነ፣ መለኪያው ከቆዳው በታች ካለው ፈሳሽ የስኳሩን መጠን በየጥቂት ደቂቃው እየለካ ወደ ስልክ ይልካል፤ ስኳሩም ያለ ልክ ሲወርድ ድምፅ ያሰማል። ልጁ በትምህርት ላይ ሳለ ራሱን ስቶ ሳይወድቅ አስተማሪው ይደርስለታል፤ ሌሊትም ተኝቶ ሳለ እናቱ ነቅታ ጣፋጭ ትሰጠዋለች። እንዲህ ባለ ጊዜ ሌላ ሰው የልጁን ገላ ቢጠብቅለት ማን ይነቅፈዋል?

ነገር ግን ገላን ከመለካት አልፎ አሳብን እለካለሁ የሚል መሣሪያ የመጣ እንደ ሆነ ጥያቄው ሌላ ይሆናል። በቻይና አገር፣ በዠጂያንግ ጠቅላይ ግዛት፣ በጂንኋ በሚገኝ አንድ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤት ሕፃናት እንደ ቀጸላ ያለ መሣሪያ በራሳቸው ላይ አስረው ይማሩ ነበር። መሣሪያው የአንጎልን የኤሌክትሪክ ሞገድ እየለካ፣ ልጁ ልቡን ለትምህርቱ የሰጠ ሲመስለው ቀይ፣ አሳቡ የተበተነ ሲመስለው ሰማያዊ መብራት በግንባሩ ላይ ያበራል፤ ውጤቱም ለአስተማሪውና ለወላጆቹ ይደርሳል። ነገሩ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2019 ዓ.ም. በተሰማ ጊዜ ሕዝቡ ስላጉረመረመ የትምህርት ሹማምንት በዚያው ዓመት አስቆሙት።

አስተማሪስ ከጥንት ጀምሮ የልጁን ዓይን አይቶ ልቡ የት እንዳለ ይገምት የለምን? የሚል ይኖራል። በውነቱ ይገምታል። ነገር ግን የተጠራጠረ እንደ ሆነ ይጠይቃል፤ ልጁም ይመልሳል። መብራቱ ይፈርዳል እንጂ አይጠይቅም። ደግሞም የሚለካው ሞገዱን ነው እንጂ ልጁ የሚያስበውን ነገር አይደለም፤ ስለ ምሳው አጥብቆ የሚያስብም ቀይ ሊያበራ ይችላል። ከዛፍ ሥር ተቀምጦ ቅኔ የሚቆጥር ተማሪ ላየው ሰው ሁሉ የፈዘዘ ይመስላል፤ ለእርሱስ የትኛው መብራት ይበራለት ይሆን?

መሣሪያው ለባለቤቱ ብቻ ቢናገር፣ ባለቤቱም ወድዶ ቢያስረውና ሲሻ ቢፈታው፣ ትጋቱን ሊያግዝለት ይችል ይሆናል። የሕመምተኛው ልጅ መለኪያ የሚመሰገነው ልጁ በራሱ ሊያውቀው የማይችለውን ስለሚነግረው ነው። የጂንኋው ሕፃን ግን መብራቱን የተሸከመው በገዛ ግንባሩ ላይ ስለ ሆነ፣ በክፍሉ ካሉት ሁሉ ሊያየው የማይችለው እርሱ ብቻ ነበረ።