የሰው ቃል አትሽጡ

ልጆቼ፣ ዛሬ የማወራችሁ ስለ አንድ ሩሲያዊ እስረኛ ነው። አሌክሲ ጎሪኖቭ ይባላል። የዕድሜ እኩያዬ ስለሆነ አንተ እያልኩ ባወራ አይከፋውም። የሕግ ባለሙያ ነው፤ በሞስኮ ክራስኖሴልስኪ በሚባለው ወረዳ ሕዝብ መርጦት የምክር ቤት አባል ነበር። የወረዳ ምክር ቤት ስለ መናፈሻና ስለ ልጆች በዓል የሚመከርበት ትንሽ ሸንጎ ነው፤ ጦር የሚያዘምትም ጦር የሚመልስም አይደለም።

እ.ኤ.አ. ማርች 15 ቀን 2022፣ የሩሲያ ጦር ዩክሬን በገባ በሦስተኛው ሳምንት፣ ይህ ሸንጎ ተሰበሰበ። ከአጀንዳዎቹ አንዱ የልጆች የሥዕል ውድድር ነበር። ጎሪኖቭ ልጆች በየቀኑ እየሞቱ እኛ ስለ ሥዕል ውድድር እንዴት እናወራለን፣ ጉልበታችን ሁሉ ጦርነቱን ለማስቆም መዋል አለበት አለ። ስብሰባው በቪዲዮ ይቀረጽ ነበር። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነውና ያው ቪዲዮ ማስረጃ ሆኖ ቀረበበት። በአፕሪል መጨረሻ ታሰረ፤ ጁላይ 8 ቀን 7 ዓመት ተፈረደበት። የተከሰሰበት ሕግ ስለ ጦሩ “ሐሰተኛ ወሬ” ማሰራጨትን ወንጀል የሚያደርግ ነው፤ ከወጣ ገና 11 ቀኑ ነበር እሱ ሲናገር። በዚህ ሕግ ወህኒ እንዲወርድ የተፈረደበት የመጀመሪያው ሰው ጎሪኖቭ ነው። ይግባኝ ቢል አንድ ወር ቀነሱለት።

አባቶቻችን በፍርድ ከሄደች በቅሎዬ ያለ ፍርድ የሄደች ጭብጦዬ ትቆጨኛለች ይሉ ነበር። እዚህ ላይ ዳኛም ጠበቃም ችሎትም ነበር፤ ጠፍቶ የነበረው ፍርዱ ነው። እሱ ግን በችሎት፣ ተከሳሽ በሚቆምበት የመስታወት ቤት ውስጥ ሆኖ “ይህ ጦርነት አሁንም ያስፈልጋችኋል?” የሚል ወረቀት ከፍ አድርጎ አሳየ።

እስከዚህ ያለው የመንግሥት ሥራ ነው፤ ሰማይ አይታረስ ንጉሥ አይከሰስ ብለን ልናልፈው እንችል ይሆናል። እኔን እንቅልፍ የነሣኝ ከዚያ በኋላ የመጣው ነው። ጎሪኖቭ ከእስሩ በፊት በሳንባ ነቀርሳ ምክንያት የሳንባው አንድ ክፍል በቀዶ ሕክምና የወጣለት ሰው ነው። ወህኒ ቤት ሳለ ታሞ ወደ እስረኞች ሆስፒታል ተወሰደ። እዚያ አብረውት ከተኙት ጋር ስለ ጦርነቱና ሩሲያን ከክሪሚያ ጋር በሚያገናኘው ድልድይ ላይ ስለደረሰው ፍንዳታ አወራ። ወሬው ተቀረጸ። አብረውት የተኙት ምስክር ሆኑበት። በኖቬምበር 2024 በቭላዲሚር ከተማ ያስቻለ ወታደራዊ ፍርድ ቤት “ሽብርተኝነትን ደግፏል” ብሎ ሌላ 3 ዓመት ፈረደበት። የወደቀ ግንድ ምሳር ይበዛበታል ማለት ይኸው ነው፤ ምሳሩን ያነሣው ግን አብሮት የወደቀ ሰው ነበር።

እሱ ብቻ አይደለም። ሳሻ ስኮቺሌንኮ የምትባል የሴንት ፒተርስበርግ ሠዓሊ በአንድ ሱፐርማርኬት አምስት የዋጋ ወረቀቶችን አንሥታ ስለ ጦርነቱ የሚናገሩ ወረቀቶች ተካችባቸው። አንዲት ጡረተኛ ገበያተኛ አይተው ጠቆሙ፤ 7 ዓመት ተፈረደባት። ዶክተር ናዴዥዳ ቡያኖቫ ሲፈረድባቸው የ68 ዓመት አዛውንት፣ የሞስኮ የሕፃናት ሐኪም ነበሩ። የልጇ አባት በጦርነቱ የሞተባት እናት፣ ልጇን ለሕክምና ባመጣችበት ክፍል ስለ ጦርነቱ ክፉ ተናገሩ ብላ ከሰሰቻቸው። እሳቸው አላልኩም አሉ፤ የድምፅ ማስረጃም አልነበረም፤ አምስት ዓመት ከመንፈቅ ፈረዱባቸው። በሽተኛን የዳሰሰ እጅ በካቴና ታሰረ። ይህን ሳስብ የእናቲቱም ሐዘን ያሳዝነኛል፤ ሐዘን ግን ሌላ ሰው ለማሳሰር ፈቃድ አይሆንም።

ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የምንለው ለመተባበር ነው። ክፉም የሚያስረው በዚያው ድር ነው። አንድ ገዥ ብቻውን የአንድ ከተማን ወሬ ሰምቶ አይጨርስም፤ የሚሰማለት ጎረቤት፣ የሚጽፍለት ጸሐፊ፣ የሚፈርምለት ምስክር ይፈልጋል።

የእኔ ትውልድ ይህን ለማወቅ ሞስኮ መሄድ አላስፈለገውም። በቀይ ሽብር ጊዜ ጆሮ ጠቢ በየሰፈሩ ነበር። የጎረቤቱን ልጅ የጠቆመ ሰው ነበር፤ ያ ልጅ ተወስዶ አልተመለሰም። መንግሥቱ ወድቆ ዘመኑ አልፎ እንኳ በሁለቱ ቤቶች መካከል ሰላምታ ያልተመለሰበት ሰፈር አለ። ጠቋሚው ታዝዤ ነው ይላል። የልጁ እናት ያዘዘውን አታውቀውም፤ የምታውቀው ጠቋሚውን ነው።

ታዲያ ምን እናድርግ ትሉኝ ይሆናል። ሁላችሁም እንደ ጎሪኖቭ በሸንጎ ቁሙ አልላችሁም፤ ያ በግድ የማይጫን ሸክም ነው፤ ልጅ የሚያሳድግ፣ እናት የሚጦር ሰው ቢፈራ አልፈርድበትም። ዝም አይነቅዝም ይባላል፤ ዝም ማለት ለጊዜው ያሳድራል። መጠቆም ግን ዝምታ አይደለም። ሌባንና ነፍሰ ገዳይን መጠቆም የዜጋ ግዴታ ነው፤ ሰው በወንበርህ ተቀምጦ ያወጋህን ሐሳብ ወስዶ መሸጥ ክህደት ነው። ያልሰማችሁትን ሰምቻለሁ ብላችሁ አትፈርሙ። የሰማችሁትንም ለሚያስርበት ሰው አትስጡ። አለቃችሁ ቢጠይቃችሁ አላስታውስም በሉ፤ እሱን ለመናገር ጀግና መሆን አያስፈልግም። ነግ በእኔ ማለትን የተወ ሰው ነገ የሚመሰክርለት አያገኝም።

የታሰረውንም አትርሱ። በእኛ ዘንድ እስረኛ መጠየቅ ትልቅ ጽድቅ ነው። በሩሲያ ብዙዎች ለማያውቋቸው እስረኞች ደብዳቤ ይጽፋሉ፤ ደብዳቤው በሳንሱር እንደሚታይ እያወቁ፣ ስማቸውንም አስፍረው። በኦገስት 1 ቀን 2024 የእስረኞች ልውውጥ ሲደረግ ስኮቺሌንኮ ወጣች፤ ስለ ጦርነቱ በመናገሩ ስምንት ዓመት ከመንፈቅ የተፈረደበት ፖለቲከኛው ኢሊያ ያሺንም ወጣ። ያሺን ነጻ በወጣ ማግስት ከእኔ ይልቅ መውጣት የነበረበት ጎሪኖቭ ነው ብሎ ተናገረ። ጎሪኖቭ ግን ከሚወጡት መካከል አልነበረም። ሁለተኛው ፍርድ የመጣበት ከዚያ በኋላ ነው።

እናንተ ዛሬ ሁላችሁም በኪሳችሁ መቅረጫ ይዛችሁ ትዞራላችሁ። ሰው አምኗችሁ የተናገረውን ደብቃችሁ ቀርጻችሁ ያስቀመጣችሁት ካለ፣ ማንም ሳይጠይቃችሁ ዛሬውኑ አጥፉት።