ጭንቀት የእምነት ማነስ ነውን?



ነቢዩ ኤልያስ በቀርሜሎስ ተራራ ላይ የእግዚአብሔርን ኃይል በሕዝቡ ሁሉ ፊት ካየ በኋላ ብዙም ሳይቆይ ንግሥት ኤልዛቤል ልታስገድለው መዛቷን ሰማ። ብላቴናውን በቤርሳቤህ ትቶ ብቻውን ወደ ምድረ በዳ ሸሸ፤ ከአንድ ክትክታ ዛፍ ሥር ተቀምጦም ሞትን ለመነ። ታሪኩ በመጽሐፈ ነገሥት ቀዳማዊ ምዕራፍ 19 ተጽፏል። በጸሎቱ እሳት ከሰማይ የወረደለት ነቢይ እንዲህ ከደከመ፣ ጭንቀት የእምነት ማነስ ምልክት ነው ብለን እንዴት ልንፈርድ እንችላለን?

ይሁን እንጂ ይህ ፍርድ በየቁምስናችን ሲሰጥ እንሰማለን። እንቅልፍ አጥታ የምታድር እናት፣ ሥራ ፈልጎ ያጣ ወጣት፣ በዕዳ የተያዘ አባወራ ምክር ሲጠይቁ «እምነታችሁ ቢጸና ይህ ባልደረሰ ነበር» ይባላሉ። ነገሩ በቅን ልቡና ቢነገርም፣ ሰሚው በጭንቀቱ ላይ ኀፍረትን ጨምሮ ይመለሳል። ከዚያ በኋላ ዝም ይላል፤ ዝምታውም ሕይወቱን እስከ ማጥፋት ሊያደርሰው ይችላል።

የሥነ ልቡና ምሁራን ሪቻርድ ላዛረስና ሱዛን ፎክማን እ.ኤ.አ. በ1984 ባሳተሙት መጽሐፍ፣ ውጥረት የሚመጣው ከደረሰብን ነገር ብቻ ሳይሆን ነገሩን ከምንመዝንበት መንገድና አለኝ ብለን ከምናስበው አቅም ጭምር መሆኑን አስረድተዋል። መቋቋሚያውንም በሁለት ከፍለውታል፤ አንደኛው ችግሩን ራሱን ለመለወጥ መጣር፣ ሁለተኛው በችግሩ የተነሣውን የልብ ሁከት ማብረድ ነው። ዕዳ ላለበት ሰው ከአበዳሪው ጋር የሚስማማበትን መንገድ አብሮ መፈለግ ይጠቅመዋል። ባልዋን ለቀበረች ሴት ግን የምክር ብዛት አይረባትም፤ አብሯት የሚቀመጥ ሰው ያስፈልጋታል።

በአሜሪካ ኬኔት ፓርጋመንት ከባልደረቦቻቸው ጋር እ.ኤ.አ. በ1988 ባቀረቡት ጥናት ደግሞ፣ አማኞች በችግር ጊዜ የሚከተሏቸው ሦስት መንገዶች ተለይተዋል። አንዳንዱ ሁሉን በራሱ ኃይል ሊወጣ ይሞክራል፤ አንዳንዱ ሁሉን ለእግዚአብሔር ትቶ እጁን አጣጥፎ ይጠብቃል፤ ሌላው ከእግዚአብሔር ጋር አብሮ ይሠራል። አብሮ መሥራት በራስ ከመተማመን ጋር፣ እጅን አጣጥፎ መጠበቅ ግን ከአቅም መዳከም ጋር ተያይዞ ተገኝቷል። ይህ ለእኛ እንግዳ ትምህርት አይደለም፤ የእግዚአብሔር ጸጋ የሰውን ጥረት እንደሚያጸና እንጂ እንደማይሽር እናምናለንና።

እግዚአብሔር ኤልያስን እንዴት እንደ ረዳው እናስተውል። ለተኛው ነቢይ በመልአኩ እጅ እንጎቻና ውኃ ላከለት እንጂ አልገሠጸውም። ኤልያስ በልቶ እንደገና ተኛ፤ መልአኩም ሁለተኛ ቀሰቀሰው። ወደ ኮሬብ ከደረሰም በኋላ እግዚአብሔር ምን እንደሚያደርግ ጠየቀው፤ ያንኑ ምሬት ሁለት ጊዜ ሲደግም አዳመጠው። ሥራ የሰጠው፣ ብቻውን እንዳልሆነ የነገረውና ኤልሳዕን የሰጠው ከዚህ በኋላ ነው። እንግዲህ ምግብና ዕረፍት፣ ማዳመጥ፣ ከዚያም ሥራና ጓደኛ፤ ቅደም ተከተሉ ይህ ነው።

ይህን ለመፈጸም የግድ ሐኪም ወይም ካህን መሆን አያሻም። በዚምባብዌ ዋና ከተማ በሐራሬ፣ የአእምሮ ሐኪሙ ዲክሰን ቺባንዳ እ.ኤ.አ. በ2006 ዐሥራ አራት አያቶችን አሠልጥነው ሥራ ጀመሩ። አያቶቹ በጤና ጣቢያ ግቢ በእንጨት አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠው «ሐሳብ በዛብኝ» የሚለውን ሰው ያዳምጣሉ፤ ከችግሮቹ አንዱን እንዲመርጥና ሊያደርገው የሚችለውን እርምጃ እንዲያገኝ ይረዱታል። እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመው፣ 573 ሰዎች የተሳተፉበት ጥናት እንዳሳየው፣ እንዲህ የተረዱት ከስድስት ወር በኋላ ጭንቀታቸውና ድባቴያቸው የተለመደውን ሕክምና በተሻሻለ መልኩ ካገኙት ይልቅ ቀንሷል።

ስለዚህ እናንተ የትምህርተ ክርስቶስ መምህራን፣ ወደ እናንተ የሚመጣውን ከመምከራችሁ በፊት አዳምጡት። መብላቱንና መተኛቱን ጠይቁት። የነገራችሁን በምሥጢር ጠብቁ። ሊለወጥ የሚችለውን ከማይለወጠው አብራችሁ ለዩ፤ አብራችሁም ጸልዩ። ሞትን እንደሚመኝ ቢነግራችሁ ግን ብቻውን አትተዉት፤ ቤተሰቡን ወይም የሚያምነውን ሰው ጠርታችሁ ሳትዘገዩ ወደ ሕክምና አድርሱት። ሐኪምን መሻት እግዚአብሔርን መጠራጠር አይደለም፤ የመድኃኒትንም ጥበብ የሰጠ እርሱ ነውና።

ጌታችን ራሱ በጌቴሴማኒ እጅግ ባዘነ ጊዜ ሦስቱን ደቀ መዛሙርት አብረውት እንዲተጉ ለመናቸው፤ እነርሱ ግን ተኙ። ዛሬም ከጎረቤቶቻችን መካከል በእንዲህ ያለ ሌሊት ውስጥ የሚገኙ አሉና፣ ነቅተን አብረናቸው እንድንቀመጥ እግዚአብሔር ይርዳን። አሜን።