አይጥና ጅብን ለሚያጠፋ ሰው ፈቃድ ይገባዋልን?



ከቦሌ ወደ ገርጂ፣ ከዚያም ወደ ሲ.ኤም.ሲ. እና ወደ አያት የሚሄድ ሰው በመብራት ምሰሶዎችና በግንብ አጥሮች ላይ ተለጥፎ የሚያገኘው አንድ አጭር ማስታወቂያ አለ። «አይጥ፣ በረሮና ትኋን እናጠፋለን» ይላል፤ ከሥሩም የስልክ ቁጥር ይከተላል። ሠራተኛው ማን እንደሆነ፣ በምን ዓይነት መርዝ እንደሚጠቀም፣ ሙያውንም ከማን እንደተማረ የሚገልጽ ቃል ግን የለበትም። እኛም ይህን ማስታወቂያ ለብዙ ጊዜ ስናነብ ምንም አላሰብንበትም ነበር። ማሰብ የጀመርነው በገዛ ግቢያችን ከደረሰው ነገር በኋላ ነው።

የምንኖርበት ግቢ በአይጥ ስለተቸገረ ጎረቤታሞች ገንዘብ አዋጥተን አንድ ወጣት ጠራን። ወጣቱ ትሑትና ታታሪ ነበር። መርዙን ያመጣው ምንም ጽሑፍ በሌለበት የውኃ ፕላስቲክ ውስጥ ነው፤ በባዶ እጁ ከዱቄት ጋር አሽቶ በየማዕዘኑ አኖረው። እኛም «ስንት ነው?» ብለን ጠየቅነው እንጂ «ምንድን ነው?» ብለን አልጠየቅነውም። በሦስተኛው ቀን አይጦቹ ጠፉ፤ የጎረቤታችን ድመትና የዘበኛው ውሻም አብረው ሞቱ። የዘበኛው ትንሽ ልጅ የሞተውን ውሻ አቅፎ ሲያለቅስ ባየን ጊዜ፣ ያ ዱቄት በዚህ ልጅ እጅ ገብቶ ቢሆን ኖሮ ምን እንል ነበር ብለን ደነገጥን።

ወጣቱን ጠርተን ስንጠይቀው፣ ሥራውን የተማረው ባልንጀራውን ለሦስት ቀናት ተከትሎ በማየት እንደሆነ፣ እናቱንና ታናናሾቹንም የሚረዳው በዚሁ እንደሆነ ነገረን። እንግዲህ ጥያቄው ከዚህ ይነሣል። ኅብረተሰቡ ይህን ወጣት «ፈቃድ እስክታወጣ ድረስ አትሥራ» ሊለው ይገባልን? ወይስ እንጀራውን መንጠቅ ይሆንበታል?

የአገራችን ሕግ ጉዳዩን ፈጽሞ አልዘነጋውም። በ1999 ዓ.ም. የወጣው የዱር እንስሳት አዋጅ ቁጥር 541 ያለ ፈቃድ ማደንን ከልክሏል። በ2002 ዓ.ም. የወጣው የፀረ ተባይ ምዝገባና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 674 ደግሞ ያልተመዘገበ መርዝ ለሽያጭና ለሥራ እንዳይውል ደንግጓል። ሆኖም ሕግ በመጽሐፍ ተጽፎ መኖሩና በግቢያችን በር መድረሱ የተለያዩ ነገሮች ናቸው። አብዛኛውን ጊዜ የምንጠይቀው ጉዳቱ ከደረሰ በኋላ ነው፤ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዲሉ።

ሥራ ሁሉ ፈቃድ ያሻዋል የሚል እምነት የለንም። ልብስ ሰፊ ቢሳሳት ስሕተቱን የሚያየው ራሱ ደንበኛው ነው፤ ሁለተኛም ወደ እርሱ አይመለስም። የመርዝ ሥራ ግን ከዚህ ይለያል። በመርዝ ስሕተት የሚጎዳው ብዙውን ጊዜ ገንዘብ ከፍሎ የተስማማው ሰው ሳይሆን በስምምነቱ ያልነበረ ሌላ ፍጥረት ነው። ለምሳሌ ለእህል ነቀዝ ማጥፊያ የተሠራው አሉሚኒየም ፎስፋይድ የተባለው ክኒን ለአይጥም ይውላል። ይህ ክኒን እርጥበት ሲያገኝ ፎስፊን የሚባል ገዳይ ጋዝ ያወጣል፤ ጋዙም በስንጥቅ አልፎ በሚቀጥለው ክፍል የተኛውን ሰው ሊገድል ይችላል። ባለቤት የሌላቸውን ውሾች ለመግደል በሥጋ ተደርጎ ሲጣል የኖረው ስትሪክኒንም እንዲሁ ነው፤ ሥጋውን ያነሣው ውሻ ተሠቃይቶ ይሞታል፤ የወደቀውን ሬሳ የበላ ሌላ እንስሳም ለዚያው መርዝ ይጋለጣል። የተኛው ጎረቤትም ሆነ የሚጫወተው ሕፃን ሠራተኛውን መርጠው አልጠሩትም። ስለ እነርሱ አስቀድሞ የሚጠይቅላቸው አካል ያስፈልጋል። የፈቃድ ፍትሐዊ ምክንያት ይህ ነው።

ይህን ስንል የእንስሳቱን ጉዳት አቃልለን አይደለም። መስከረም 5 ቀን 1981 ዓ.ም. ከባሕር ዳር ወደ አሥመራ ለመብረር የተነሣው የኢትዮጵያ አየር መንገድ ቦይንግ 737 አውሮፕላን የእርግብ መንጋ በሁለቱም ሞተሮቹ ገብቶበት ለመመለስ ሲሞክር ወድቆ ተቃጠለ፤ ከተሳፈሩት 104 ሰዎች 35ቱ ሞቱ። በቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ አጠገብ የምንኖር ሰዎች ይህን መርሳት የለብንም። ነገር ግን በዓለም ያሉ አውሮፕላን ማረፊያዎች ከእንዲህ ያለው አደጋ የተማሩት ወፍን በጅምላ መግደልን ሳይሆን ሣሩን፣ የቆመውን ውኃና ቆሻሻውን መቆጣጠርን ነው። በቂ ዕውቀት ያለው ሠራተኛ «በምን ልግደለው?» ከማለቱ በፊት «ምን አመጣው?» ብሎ ይጠይቃል።

የጅቡም ነገር እንደዚሁ ነው። የአዲስ አበባ ምሥራቃዊ ክፍል ትናንት እርሻና ገደል በነበረ መሬት ላይ የተሠራ ነው። ጅብ በየወንዙ ሸለቆ እየተጠለለ የምንጥለውን አጥንትና ጥንብ ተከትሎ ይመጣል። በ2006 ዓ.ም. በከተማችን ጅቦች በአዳኞች ጥይት መገደላቸው ይታወሳል፤ ቆሻሻው በቦታው እስካለ ድረስ ግን የተገደለውን ሌላው ይተካዋል። ስለ ውሻ በሽታም የዓለም የጤና ድርጅት የሚመክረው ከውሾች ቢያንስ 70 በመቶውን መከተብ እንጂ በመርዝ መፍጀት አይደለም።

በሌላ በኩል የሚነሣው ተቃውሞም ቀላል አይደለም። ፈቃድ ወረቀት ነው፤ ወረቀትም ይገዛል፤ የአይጥ ምስክር ድንቢጥ እንደሚባለው ተመዛኙና መዛኙ አንድ ወገን ሊሆኑ ይችላሉ። ዕውቀትም ሁልጊዜ ከወረቀት አይመጣም፤ በሐረር ጅቦችን በየስማቸው እየጠሩ የሚያበሉት ሰዎች ጥበባቸውን ከአባቶቻቸው ወረሱት እንጂ በፈተና አላገኙትም። በአሜሪካ የኒውዮርክ ግዛት አስቸጋሪ የዱር እንስሳትን በክፍያ ለሚያስወግድ ሰው ፈቃድ የሚሰጠው ፈትኖ ነው፤ በዚያው አገር ግን የሙያ ፈቃድ ሲበዛ ቀድሞ የገባውን ከአዲስ መጪ ተወዳዳሪ የሚከልል አጥር ይሆናል የሚሉ አሉ። እኛም ይህን ሥጋት እንጋራለን።

ስለሆነም ሐሳባችን ይህ ነው። መርዝና ጠመንጃ ለሚይዝ እጅ ፈቃድ ይገባዋል፤ ፈቃዱ ግን ለድሀው በር እንጂ ግንብ መሆን የለበትም። ፈተናው ሠራተኛው በሚያውቀው ቋንቋ፣ ማንበብ ለማይችለውም በተግባር ይሁን። የሚመረምረውም አደጋን ማወቁን ነው፤ መርዙን ከነጽሑፉ መያዙን፣ እጁን መከለሉን፣ ሬሳውን መቅበሩን፣ ሕፃናትን ማራቁን። ክፍያው ከአቅም በላይ አይሁን፤ ቀድሞ በሥራው ላይ ላለውም የመማሪያ ጊዜ ይሰጠው። ጅብ በማያውቁት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ አለ ይባላል፤ ፈቃድ የሚያስፈልገው በማንተዋወቅበት በዚህ ሰፊ ከተማ የሚታመነውን ሰው ለይተን እንድናውቅ ነው።

የቀረው ድርሻ የእኛ የአስጠሪዎቹ ነው። የሠራተኛው ፈቃድ የእኛን ኅሊና አይተካም። ርካሹን ስንመርጥ ጓንቱንና ሥልጠናውን ከዋጋው ላይ የቀነስነው እኛ ነን። የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ትምህርተ ክርስቶስም በቁጥር 2418 እንስሳትን ያለ አስፈላጊነት ማሠቃየት ከሰው ክብር ጋር እንደሚቃረን ያስተምራል፤ ሥቃዩን በእጃችን ባናደርሰውም በገንዘባችን ስናስደርሰው ተጠያቂነቱ አይቀርልንም።

ወጣቱ ቀሪ ሒሳቡን ሊቀበል በመጣ ጊዜ ከፈልነው፤ ፈቃድ እንዲያወጣም መከርነው። እርሱም አንገቱን ደፍቶ «ጋሼ፣ ማን ነው የሚሰጠው? ስንትስ ያስከፍላል?» አለን። እኛ ቀድሞ ዋጋውን ብቻ እንደጠየቅነው፣ አሁን ደግሞ እርሱ የሚያስጨንቀውን ዋጋ ጠየቀን። መልሱን ስላላወቅን አፈርን። በማግሥቱ ከእርሱ ጋር ሆነን ልንጠይቅለት ሄድን፤ ይህን ከመጀመሪያው ልናደርገው ይገባን ነበር።