ያልታገሡት ሰዎች ስም

በአሜሪካ የኦክላሆማ ዩኒቨርሲቲ የፉትቦል ቡድን ነጥብ ሲያስቆጥር ሁለት ነጫጭ ድንክ ፈረሶች ሸራ የለበሰ ጋሪ እየጎተቱ ወደ ሜዳው ይገባሉ። ጋሪው ከ1964 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ደጋፊውን ሲያስጨፍር ቆይቶ በ1980 ይፋዊ ማስኮት ሆኗል። ፈረሶቹ «ቡመር» እና «ሱነር» ይባላሉ፤ የስማቸው ታሪክ ግን እንደ ጭፈራው የሚያስደስት አይደለም።

ፕሬዚዳንት ቤንጃሚን ሃሪሰን በዛሬዋ ኦክላሆማ የሚገኝ ሁለት ሚሊዮን ኤከር ገደማ መሬት ለሠፋሪ እንዲከፈት ያወጁት በ1889 ነው። ኤፕሪል 22 ቀን፣ ልክ እኩለ ቀን ላይ፣ ሃምሳ ሺህ የሚገመት ሕዝብ ከድንበሩ ተነሥቶ በፈረስ፣ በጋሪና በእግር ሮጠ። ቀድሞ የደረሰ 160 ኤከር ይይዛል፤ ከሰዓቱ በፊት የገባ ግን መብቱን ያጣል። ይህን እያወቁ ሾልከው ገብተው በየጢሻው ያደፈጡ ነበሩ፤ ሰዓቱ ሲደርስ እንደ ሌላው ሮጠው የመጡ መስለው መሬት ያዙ። «ሱነር» የተባሉት እነዚህ ናቸው። «ቡመር» የሚባሉት ደግሞ መሬቱ ገና ሳይፈቀድ በእነ ዴቪድ ፔይን እየተመሩ የገቡና ወታደር ደጋግሞ ያባረራቸው ናቸው።

መሬቱም ባለቤት አጥቶ የቆየ አልነበረም። የክሪክና የሴሚኖል ነባር ሕዝቦች ከደቡብ ምሥራቅ አሜሪካ ተፈናቅለው ወደዚያ ግዛት የተወሰዱ ናቸው፤ መንግሥት ይህንኑ መሬት በ1866 ውል እንዲለቁ አስገደዳቸው።

በ1893 የአገሪቱ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ከሰዓቱ በፊት በግዛቱ ውስጥ የተገኘ ሰው የመሬት መብት እንደሌለው ወሰነ። ከ15 ዓመት በኋላ፣ በ1908፣ ሕግ መብት የነፈጋቸው የእነዚያ ሰዎች ስም፣ «ሱነር»፣ የዩኒቨርሲቲው ቡድን መጠሪያ ሆነ። ማታለል ተረስቶ ቅልጥፍናና ድፍረት ብቻ ቀረ። ዩኒቨርሲቲው የነባር ሕዝቦችን ልብስ ለብሶ የሚጨፍረውን «ሊትል ሬድ» የተባለ ማስኮት በ1970 ተቃውሞ ሲበረታበት አስቀርቷል። የሠፋሪው ጋሪ ግን እስከ ዛሬ ይሮጣል።

የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም። ዓርማ የሚመርጠው አብዛኛውን ጊዜ ያሸነፈው ወገን ስለሆነ የተሸናፊው ድርሻ ከሥዕሉ ይወጣል። ልጆችም በዓርማው ታሪክ የተማሩ እየመሰላቸው እኩሌታውን ሳያውቁ ያድጋሉ። ስም መቀየር ወይም ጋሪውን ማስቆም የባለቤቶቹ ጉዳይ ነው፤ ሙሉውን ታሪክ ማስተማር ግን የማንኛውም ትምህርት ቤት ግዴታ ነው። ለትምህርት ቤት ወይም ለክለብ ዓርማ የምትመርጡ ሁሉ፣ «ይህ ማንን ያኮራል?» ካላችሁ በኋላ «ማንንስ ያስከፋል?» ብላችሁ ጠይቁ፤ መልሱንም ለተማሪዎቻችሁ አትደብቁ።