በጮኸበት ይበላል ወይ?

መቻል ምግብ የተወው ሐሙስ ዕለት ነው። ቀኑን የማልረሳው የሥጋ ቤቱ ልጅ በየሳምንቱ ሐሙስ አጥንት በፌስታል ስለሚያመጣለት ነው። ሌላ ጊዜ ልጁ ገና በሩን ሳያንኳኳ ሰንሰለቱን እየጎተተ ይነሳ ነበር። ያን ቀን ግን አጥንቱን አሸተተው፣ ቀና ብሎ አየን፣ ከዚያ አገጩን መልሶ እግሮቹ ላይ አሳረፈ።

መቻል የውሻችን ስም ነው። ንጹሕ ዘር ነበር ብዬ አልምልም፤ ቁመቱና ጆሮው ግን የጀርመን ሼፐርድ ነበር። ዘጠኝ ዓመት ሞልቶታል። ለትንሽ ውሻ ዘጠኝ ዓመት ገና ጉልምስና ነው፤ ትልልቆቹ ዝርያዎች ግን ቶሎ ያረጃሉ፣ ሰባትና ስምንት ሲሞላቸው ከሽማግሌ ይቆጠራሉ። ዕድሜውን በሙሉ የኖረው መርካቶ፣ ምናለሽ ተራ አካባቢ፣ የአባቴ መጋዘን ባለበት ግቢ ውስጥ ነው። እኛም እዚያው ከመጋዘኑ በላይ ነው የምንኖረው። መቻል ቀን ታስሮ ይተኛል፣ ማታ ይፈታል። መርካቶን በቀን ብቻ የሚያውቃት ሰው ግማሿን አያውቃትም። ተሸካሚው፣ ጋሪው፣ ደላላው፣ የመኪናው ጥሩምባ ሁሉ ሄዶ ሲያልቅ ሰፈሩን የሚረከቡት ዘበኛና ውሻ ናቸው።

ሳሉ የጀመረው ከዚያ ሐሙስ ሦስት ሳምንት ቀደም ብሎ ነው። ደረቅ ነው፣ ሌሊት ይብሳል፣ መጨረሻው ላይ ሊያስመልሰው የደረሰ ይመስላል። ዘበኛችን፣ ሁላችንም ጋሽዬ የምንላቸው ሰው፣ "አጥንት ተሰክቶበት ነው" አሉና እጅጌያቸውን ሰበሰቡ። እጃቸውን አፉ ውስጥ ሊከቱ! እናቴ ጮኻ አስቆመቻቸው። ልክ ነበረች። በእብድ ውሻ በሽታ የተያዘ ውሻ መዋጥ ሲያቅተው ጉሮሮው ላይ የሆነ ነገር የቀረበት ይመስላል። "ላውጣለት" ብሎ እጁን የሚሰድ ሰው በትንሽ ጭረት በኩል በሽታው ሊተላለፍበት ይችላል፤ ምልክቱ አንዴ ከታየ ደግሞ መዳን የለም ማለት ይቻላል። መቻል ክትባቱን በየዓመቱ ወስዷል። ቢሆንም መብላት ያቆመ ውሻ አፍ ውስጥ እጅ አይገባም።

ከዚያ ምክሩ መጣ። "አርጅቷል፣ ሌላ ቡችላ አምጡ።" "በመኪና ጭናችሁ ከከተማ ውጪ ልቀቁት፣ እዚያ ዕድሉን ይሞክር።" አንዱማ ድምፁን ዝቅ አድርጎ መርዝ የት እንደሚገኝ ነገረን። አባቴ ሁሉንም ዝም ብሎ ሰማ። እኔን የከበደኝ ግን የሱቅ ጎረቤታችን ያለው ነው፦ "ሰው የሚበላው ባጣበት አገር ለውሻ ሐኪም?"

ይሄ ጥያቄ በቀልድ የሚታለፍ አይደለም። ጠያቂው ክፉ ሰው አይደለም፤ በሩ ላይ የቆመን ለማኝ ባዶ እጁን ሲመልስ አይቼው አላውቅም። ስለዚህ ልመልስለት ፈለግኩ። መልሱ የመጣው ግን ካላሰብኩት በኩል ነው።

"ውሻ በበላበት ይጮኻል" እንላለን። አብዛኛውን ጊዜ የምንለው ሰው ለመንካት ነው፤ በጥቅም የተገዛ ለማለት። ተረቱ የውሻውን ግዴታ በደንብ ይናገራል፣ የአብዪውን ግን ዝም ይላል። እሺ፣ በበላበት ጮኸ። በጮኸበትስ ይበላል ወይ? ድምፁ ሲዘጋስ?

በዚህ ጉዳይ የተጨነቅነው እኛ ብቻ አይደለንም። በ18ኛው ክፍለ ዘመን የኖረው ጀርመናዊው ፈላስፋ ካንት እንስሳት ማመዛዘን ስለማይችሉ ለነሱ በቀጥታ ያለብን ግዴታ የለም ባይ ነበር። ይሄው ሰው ግን ለተማሪዎቹ ሲያስተምር ያረጀ ውሻን ምሳሌ አደረገ። ለረጅም ጊዜ በታማኝነት ያገለገለ ውሻ ጉልበቱ ሲያልቅ፣ እስኪሞት ድረስ ሊጦር ይገባዋል አለ። ምክንያቱ ውሻው ስለሚከሰን አይደለም። ለእንስሳ መጨከን የለመደ ሰው ለሰውም ስለሚጨክን ነው። ከካንት በፊት ብዙ መቶ ዓመታት ቀድሞ ደግሞ ፕሉታርክ የሚባል ግሪካዊ ጸሐፊ የሮማዊውን የካቶን ታሪክ ሲጽፍ፣ ካቶ ያረጁ ባሪያዎቹን ይሸጥ እንደነበር ይነግረናል። ፕሉታርክ ይሄን አልወደደለትም፤ እሱ ያረሰለትን በሬ እንኳ ስላረጀ ብቻ እንደማይሸጥ ጻፈ። አንዱ ከውሻ ተነስቶ ሰው ላይ ደረሰ፣ ሌላው ከሰው ተነስቶ በሬ ላይ። መንገዱ አንድ ነው።

ሩቅ መሄድም አያስፈልግም። መርካቶ ውስጥ አንዋር መስጊድና ራጉኤል ቤተ ክርስቲያን ጎረቤታሞች ናቸው። በሁለቱም ዘንድ የውሻ ቦታ ከደጅ ነው። ቢሆንም ያን ሐሙስ ማታ ሊጠይቁን የመጡት ሀጂ፣ በጫማው ከጉድጓድ ውሃ ቀድቶ የተጠማ ውሻ አጠጥቶ ከአላህ ምሕረት ያገኘውን ሰው ታሪክ አወሩን። እናቴ ደግሞ የሉቃስ ወንጌሉን አልዓዛር አነሳች። በሀብታሙ ደጅ ወድቆ ሳለ ቁስሉን ሊልሱ የመጡት ውሾች ናቸው። አባቴ ሻዩን ጨረሰና "ነገ እንወስደዋለን" አለ።

አርብ ጠዋት ጋሽዬ ከኋላ መቻልን አቅፈው፣ በፒካፕ ወደ አንድ የእንስሳት ክሊኒክ ሄድን። ሐኪሟ ቢሾፍቱ የተማረች ወጣት ናት። ድዱን አየች፣ ሆዱን ዳሰሰች፣ ልቡን ለረጅም ጊዜ አዳመጠች። በዚህ ዕድሜ ያለ ትልቅ ውሻ ሲያስልና ምግብ ሲተው የሚጠረጠረው ብዙ ነው አለችን፦ የሳንባ ምች፣ ዕጢ፣ የጉሮሮ መድከም፣ ልብ። ትልልቅ ዝርያዎች ላይ ልብ የሚለጠጥበት በሽታ አለ። ግድግዳው ይሳሳል፣ ደም የመግፋት አቅሙ ይወርዳል፣ ፈሳሽ ሳንባ ውስጥ ይጠራቀማል። ሲተኛ ሳሉ የሚብሰው፣ ምግብም የሚያስጠላው በዚህ ሊሆን ይችላል። ቤት ውስጥ ምን እንደምናይም አሳየችን። ውሻው ተኝቶ ሳለ ደረቱ ከፍና ዝቅ ሲል አንድ ብሎ መቁጠር ነው፤ በደቂቃ ከ30 በላይ ከሆነ ወደ ሐኪም መደወል ነው። ፓራሲታሞልና አይቡፕሮፌንን ከሰው መድኃኒት ሳጥን አውጥተን እንዳንሰጠውም አስጠነቀቀችን።

ከዚያ፣ ካርዱን እየሞላች፣ "ግቢው ውስጥ የሚያስል ሰው አለ?" አለች።

አባቴ "ለምን?" አላት። ውሻ ቲቢ ከሰው ሊይዘው እንደሚችል ነገረችን። ብዙ አያጋጥምም፣ ግን ይጠየቃል።

"የለም" አለ አባቴ።

ጋሽዬ ጋቢያቸውን ወደ አፋቸው አስጠጉ።

ያን ጊዜ ነው የገባኝ። ግቢያችን ውስጥ እኮ ሁለት ሳል ነበር! አንዱን በየሌሊቱ ከአልጋዬ ሆኜ እየቆጠርኩ፣ ሌላውን ግን እንደ በር መንሿሿት፣ እንደ ቆርቆሮ ድምፅ አልፌዋለሁ። ወደ መኪናው ስንመለስ "ጋሽዬ፣ ከመቼ ጀምሮ ነው?" አልኳቸው። "ሁለት ወር ይሆነዋል" አሉኝ። "ታዲያ ለምን አልነገሩንም?" ስላቸው መቻልን እያሻሹ "ልጄ፣ የሚያስል ዘበኛ ማን ያስቀምጣል?" አሉ።

የመቻል ሳል በራጅ ሲታይ የልብ ሆነ። የጋሽዬ ግን ጤና ጣቢያ አክታቸው ሲመረመር ቲቢ ሆነ። ሁለቱ በሽታዎች አይገናኙም፤ ያገናኛቸው የሐኪሟ ጥያቄ ብቻ ነው። የቲቢ ሕክምና በመንግሥት ጤና ጣቢያ በነፃ ነው፤ የሳቸው ዓይነት በስድስት ወር ይጨረሳል። ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ ያሳለ ሰው መመርመር እንዳለበት ግድግዳው ላይ ተለጥፏል። እኛም አብረናቸው ስለምንኖር ተመረመርን።

እንግዲህ ካንት እዚህ ላይ ነገሩን ያቀለለው ይመስለኛል። ለውሻ የራራ ለሰው መራራትን ይለምዳል የሚለው በራሱ የሚሠራ ነገር አይደለም። እኛ መቻልን እንወደው ነበር፤ ያም ሆኖ ከሱ ሦስት እርምጃ ርቆ የሚያድረውን ሰው አልሰማነውም። ለምን? አንዱ ምክንያት የኛ ነው፣ ዘበኛ ሲያስል "ብርዱ ነው" ብለን እንገላገላለን። ሌላው ምክንያት ግን ከሳቸው ፍርሃት የመጣ ነው። መቻል ሳሉን አልደበቀም፤ ሊባረር እንደሚችል አያውቅማ። ጋሽዬ ያውቃሉ። አሥራ አራት ዓመት ያገለገሉ ሰው፣ አንድ ሳል ቢሰማባቸው ከደጅ እንደሚወጡ እርግጠኛ ነበሩ። ይሄን ማንም አልነገራቸውም። ግን ተቃራኒውንም ማንም አልነገራቸውም።

የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሙከራ ጊዜውን ጨርሶ የታመመ ሠራተኛ በ12 ወር ውስጥ እስከ ስድስት ወር የሕመም ፈቃድ እንዳለው ይደነግጋል። የመጀመሪያው ወር ሙሉ ደመወዝ፣ ቀጣዩ ሁለት ወር ግማሽ፣ የመጨረሻው ሦስት ወር ያለ ክፍያ። አባቴ ይሄን ሳነብለት "በእውነት?" አለ። በቃል የተቀጠሩ ሰው ናቸው፤ ወረቀት የላቸውም። ሕጉ ነበረ፣ ጋሽዬ ጋ ግን አልደረሰም። ማድረስ የነበረብን ደግሞ እኛ ነበርን።

አሁን ለጎረቤታችን የምመልስለት አለኝ። ለውሻ የማይወጣው ብር በራሱ ተነስቶ የተራበ ሰው ጋ አይሄድም። እኛ ቤት ውሻውን መንገድ ላይ ጥለነው ቢሆን ኖሮ ጋሽዬ አንዲት ሳንቲም አያገኙም ነበር። እንደውም ያረጀና የታመመ ነገር ከዚህ ግቢ ምን እንደሚደረግ በዓይናቸው አይተው፣ ሳላቸውን ይበልጥ ይቀብሩት ነበር። ለዚህ ነው ለውሻው የምናደርገው ነገር ስለ ውሻው ብቻ የማይሆነው። በደጃችን የሚያገለግል ሁሉ እያየ የራሱን መጨረሻ ይገምታል። ውለታ ደግሞ ሰው ከወደቀ በኋላ ብቻ የሚመለስ ከሆነ ዘግይቷል። ቀድሞ መነገር አለበት፣ አገልጋዩ በግልጽ ማሳል እንዲችል።

መቻል አራት ወር ኖረ። ለልብ መድኃኒት ከተሰጠው መካከል አያቴ ትወስደው የነበረው ፉሮሴማይድ አንዱ ነበር። የተቀቀለ ሥጋ ከጋሽዬ እጅ ይበላ ነበር፤ ከሌላ ሰው እጅ ግን አይነካም። አንድ ቀን ንጋት ላይ በሩ ሥር ተኝቶ አገኙት። ጋሽዬ ሕክምናቸውን ጨርሰዋል፣ ስድስቱንም ወር ሙሉ ደመወዛቸውን ወስደዋል፣ አሁን የተጻፈ ውልም አላቸው።

ባለፈው ሳምንት ሌሊት ከታች ሳል ሰማሁ። ተነስቼ መስኮቱን ስከፍት ጋሽዬ ቀና ብለው አዩኝ። "ጉንፋን ነው ልጄ! ካላቆመ ሰኞ ጤና ጣቢያ እሄዳለሁ" አሉ፣ ሰፈሩ እስኪሰማ ጮክ ብለው።